ከልጆች ቤት እስከ ቦሌ፦ ከጀርመን በባቡርና በአውሮፕላን የመመለሻ ቀን ዝርዝር መመሪያ

ሽቱትጋርት፣ ኮሎኝ፣ ኑረምበርግ ወይም ማንሃይም ያሉ ልጆቻቸውን ወይም እኅት ወንድሞቻቸውን ጠይቀው ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ብዙ ሰዎች የሚሳፈሩት ከፍራንክፈርት ነው። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ባቡር ይይዛሉ። መንገዱ ራሱ ከባድ አይደለም። ፈጣኑ ባቡር አየር ማረፊያው ድረስ ለመግባት ከሽቱትጋርት አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ ከኮሎኝ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከማንሃይም ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ቀኑን የሚያበላሸው ሌላ ነገር ነው፦ ባቡሩና አውሮፕላኑ ሁለት የተለያዩ ውሎች መሆናቸው። ባቡሩ ዘግይቶ አውሮፕላኑ ቢያመልጣችሁ የባቡር ድርጅቱ የሚመልሰው ከባቡር ትኬቱ ዋጋ ላይ የተወሰነውን ነው። አየር መንገዱ በበኩሉ «በሰዓቱ ያልቀረበ» ብሎ ይመዘግባችኋል። በመሀል ያለው ክፍተት የእናንተ ዕዳ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሁሉ፣ ከሻንጣ ሚዛን እስከ ቀረጥ ተመላሽ፣ በባቡሩና በአውሮፕላኑ መካከል ያለውን የጊዜ ትርፍ ለማስፋት ወይም በከንቱ ላለማባከን ነው።

ከዚህ የሚለየው አንድ ዓይነት ትኬት ነው። የባቡሩ ጉዞ የበረራ ቁጥር ተሰጥቶት በአየር መንገዱ ትኬት ላይ አብሮ ከተጻፈ ጉዞው አንድ ውል ነው፤ ባቡሩ ቢዘገይ ቀጣዩን በረራ የመስጠት ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ይሆናል።

መጀመሪያ ሰዓቱ ላይ መግባባት

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው፤ መነሻው በመነሻው አገር፣ መድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት። 22:00 ማታ 4 ሰዓት ነው፤ 17:00 ከቀኑ 11 ሰዓት። ጀርመን የሚኖረው ልጅ በስልክ «በረራው አሥር ሰዓት ላይ ነው» ሲል እናት ከቀኑ 10 ሰዓት አድርገው ይይዙታል፤ ቦሌ የሚቀበለው ወንድም ደግሞ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ሁለቱንም አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጻፉና ፎቶ አንሥታችሁ ለተቀባዩም ላኩ። የማታው በረራ አዲስ አበባ የሚገባው በማግስቱ ጠዋት ስለሆነ ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር አብራችሁ ጻፉ።

በጀርመንና በኢትዮጵያ መካከል ያለው ልዩነት በበጋቸው 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ነው። የሚቀየረው በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ሌሊት ነው። ጉዞው በዚያ ቅዳሜና እሑድ ላይ ከወደቀ የግድግዳውን ሰዓት ትታችሁ የስልኩን እመኑ።

ከበረራው ወደ ኋላ መቁጠር

በረራው 22:00 (ማታ 4 ሰዓት) ይነሣል እንበል። የቼክ ኢን መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው 1 ሰዓት በፊት ይዘጋል፤ ይህ ግን የመጨረሻው ገደብ እንጂ የመድረሻ ሰዓት አይደለም። አዲስ አበባ የሚሄድ በረራ ሰልፉ ረጅም ነው። አንድ ቤተሰብ ሻንጣ ከፍቶ ኪሎ ሲያሸጋሽግ ሌላው ከኋላው ይቆማል። ስለዚህ መስኮቱ ጋ መቅረብ ያለባችሁ ከ3 ሰዓት በፊት ነው፤ ማለትም 19:00 (ማታ 1 ሰዓት)። ጀርመን ውስጥ ለገዛችሁት ዕቃ የከፈላችሁትን ቀረጥ የምታስመልሱ ከሆነ 1 ሰዓት ጨምሩ፦ 18:00። ከባቡሩ ወርዶ በሻንጣ ተርሚናሉ ውስጥ እስከሚገባ 30 ደቂቃ ያዙ፦ 17:30 (ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል)።

አሁን ዋናው ደንብ። የያዛችሁት ባቡር ጨርሶ ቢሰረዝ፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው እስከ 17:30 የሚያደርሳችሁ መሆን አለበት። ባቡሩ ቀጥታ ከሆነና በየሰዓቱ የሚሄድ ከሆነ 16:30 የሚደርሰውን ግዙ። መሀል ላይ ባቡር መቀየር ካለ ሁለት ባቡር አስቀድሙ፦ 15:30 የሚደርሰውን። ይህ ለፈሪ ሰው የሚመከር ምክር አይደለም። በ2024 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ባቡር ድርጅት የዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶው ብቻ ናቸው። «በሰዓቱ» የሚባለው ደግሞ ከ6 ደቂቃ በታች የዘገየውን ሁሉ ይጨምራል፤ የተሰረዘ ባቡር ግን ከነጭራሹ አይቆጠርም። አየር ማረፊያ ሦስት አራት ሰዓት መቀመጥ ቢያሰለችም ከአዲስ ትኬት ይረክሳል።

የሐዲድ ጥገናንም አስቡበት። ከፍራንክፈርት ወደ ማንሃይም የሚወስደው ዋና መስመር በ2024 ከጁላይ አጋማሽ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ጨርሶ ተዘግቶ ነበር፤ በሌሎች መስመሮችም ተመሳሳይ መዘጋት ይቀጥላል። ትኬቱን ከወራት በፊት ከገዛችሁ ከጉዞው ሳምንት በፊት ዲቢ ናቪጌተር በሚባለው መተግበሪያ እንደገና ፈትሹት። የሰዓት ለውጥ የሚታየው እዚያ ነው።

የበረራው ቀን ሲመረጥ ደግሞ የቪዛው የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት። በሼንገን ቪዛ የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል። አውሮፕላን ቢያመልጥና ቪዛው በዚያው ቀን ቢያልቅ በትኬቱ ችግር ላይ የቪዛ ችግር ይደረባል፤ በሚቀጥለው ማመልከቻም ጥያቄ ያስነሣል። ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ይኑር። ቪዛው ላይ «እስከ» ተብሎ የተጻፈው ቀንና የተፈቀዱት ቀናት ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሚሠራው ቀድሞ የሚያልቀው ነው።

የባቡር ትኬቱ

ትኬቱ በተጓዡ ስም ይሁን። ልጁ በራሱ አካውንት ሲገዛ መተግበሪያው የልጁን ስም በራሱ ጊዜ ይሞላል፤ ሳይቀይረው ከፍሎ ይወጣል። ተቆጣጣሪው ባቡር ውስጥ ትኬቱን ሲያነብ መታወቂያ መጠየቅ ይችላል። የእናት ፓስፖርት ከትኬቱ ስም ጋር ካልገጠመ ክርክሩ በጀርመንኛ ነው የሚሆነው። ፓስፖርቱም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጅ ላይ ይሁን።

ሦስት ዓይነት ዋጋ አለ። ሱፐር ሽፓርፕራይስ ርካሹ ሲሆን ቢተዉት ገንዘቡ አይመለስም። ሽፓርፕራይስ ትንሽ ተቀንሶበት ይሰረዛል። ፍሌክስፕራይስ ውድ ነው፤ በዚያ ቀን ማንኛውንም ባቡር ያስይዛል። ሁለቱ ርካሾች «ትሱግቢንዱንግ» የሚሉት እስር አለባቸው፦ ትኬቱ ላይ ከተጻፈው ፈጣን ባቡር ውጭ በሌላ መሄድ አይቻልም። ግን ወደ መድረሻችሁ 20 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደምትዘገዩ ከታወቀ እስሩ ይፈታል፤ ያገኛችሁትን ባቡር ትሳፈራላችሁ። ስለዚህ በቂ ጊዜ ትርፍ እስካለ ድረስ ርካሹ ትኬት ይበቃል። በጠባብ ሰዓት ለሚሄድ ሰው ግን ውዱም አያድነውም፤ የሌለ ባቡር አይሳፈሩበትም።

የአውሮፕላን ትኬቱን ስትገዙ «ሬይል ኤንድ ፍላይ» (ከበረራው ጋር አብሮ የሚሰጥ የባቡር ትኬት) እንዳለው ጠይቁ። ካለው በበረራው ቀን የሚመቻችሁን ባቡር መምረጥ ትችላላችሁ፤ የመቀመጫ ቦታ ግን ለብቻ ይያዛል። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው ወርኃዊ ትኬት በአይሲኢና በአይሲ፣ ማለትም በረጅም ርቀቶቹ ፈጣን ባቡሮች፣ አይሠራም። በእሱ ፈጣን ባቡር የገባ ሰው ያለ ትኬት እንደተሳፈረ ይቆጠራል።

መቀመጫ አስይዙ። የሚከፈለው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ትልቅ ሰው ሁለት ሻንጣ ይዞ ከፉርጎ ፉርጎ ቦታ ከሚፈልግ ይሻላል። ስታስይዙ የዕቃ መደርደሪያው አጠገብ ያለውን ወንበር ምረጡ፤ መተግበሪያው የፉርጎውን ካርታ ያሳያል።

የጣቢያ ስሞች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የምትፈልጉት «ፍራንክፈርት ፍሉግሃፈን ፈርንባንሆፍ» ነው፤ ማለትም የአየር ማረፊያው የረጅም ርቀት ጣቢያ። «ፍራንክፈርት ሃውፕትባንሆፍ» መሀል ከተማ ነው። ፍራንክፈርት ኦደር ፖላንድ ድንበር ላይ ያለ ሌላ ከተማ ነው። ፍራንክፈርት ሃን ደግሞ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ሌላ አየር ማረፊያ ነው። ከኮሎኝ የምትነሡም ተጠንቀቁ፦ ወደ አየር ማረፊያው ከሚሄዱት ባቡሮች አንዳንዶቹ የሚነሡት ከካቴድራሉ ጎን ካለው ዋና ጣቢያ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ካለው ሜሰ ዶይትስ፣ ያውም ከታችኛው ፎቅ ነው።

ሻንጣ፦ ከኪሎው በፊት እጁ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚህ መስመር ለአብዛኛው የኢኮኖሚ ትኬት 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችና 7 ኪሎ የእጅ ሻንጣ ይፈቅዳል። የእናንተ ትኬት ላይ ያለውን ግን አንብቡ፤ ሕግ የሚሆነው እሱ ነው። የአንዱ ሻንጣ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ሲደመር ከ158 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ደግሞ ቢከፍሉም እንደ ተራ ሻንጣ አይቀበሉትም፤ ለሁለት ይከፈላል።

ሰው ሁሉ የሚያስበው አውሮፕላኑ የሚፈቅደውን ነው። ባቡሩ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህን ሁሉ በሁለት እጅ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ደረጃ ወጥቶ የሚያስገባው ማነው? አይሲኢ ላይ በሩ ጋ ደረጃ አለ፤ በመድረኩና በባቡሩ መካከልም ክፍተት አለ። ለአንድ ተጓዥ አቅሙ ሁለት ጎማ ያለው ሻንጣና አንድ የጀርባ ቦርሳ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ ፌስታል፣ ካርቶን ከተጨመረ፣ አብሮት አየር ማረፊያ ድረስ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ወይም አንዱ ሻንጣ ይቀራል።

የእጅ ሚዛን ግዙ። በ22.5 ኪሎ ላይ አቁሙ፤ የቤት ሚዛንና የአየር ማረፊያ ሚዛን እስከ ግማሽ ኪሎ ሊለያዩ ይችላሉ። መመዘኑ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይሁን፤ ማታውን ከሆነ ሸኚ ዘመድ ሁሉ የመጨረሻ ስጦታ ይዞ ይመጣና ሚዛኑ ይፈርሳል። አንድ ባዶ የሚታጠፍ ቦርሳ ላይኛው ኪስ ውስጥ አስቀምጡ። መስኮቱ ጋ ኪሎ ቢበዛ የሚወጣው ዕቃ ቶሎ የሚገባበት ያስፈልገዋል።

የት ምን ይገባል የሚለው ላይ ደግሞ፦

ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ 20,000 ሚሊአምፒር የሚለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ስለሆነ ችግር የለበትም። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ሻንጣው ይከፈታል፤ ከናንተ ጋር ላይጫንም ይችላል።

ሽቶ፣ ቅባት፣ ሎሽን፣ ማር፣ የሚቀባ ቸኮሌትና ለስላሳ አይብ ሁሉ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዕቃ በፍተሻው ይቀራል፤ ስለዚህ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። አዳዲስ መሣሪያ ያላቸው አንዳንድ የፍተሻ መስመሮች የላላ አሠራር አላቸው፤ እናንተ ግን በየትኛው መስመር እንደምትሰለፉ አታውቁምና በ100 ሚሊው አስቡ። ደረቅ ቸኮሌት ችግር የለበትም።

መድኃኒት በእጅ ሻንጣ፣ ከነካርቶኑ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር። ለሦስት ቀን የሚበቃ ቢያንስ እጅ ላይ ይኑር። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ሻንጣው በሌላ አውሮፕላን ሲቀር ነው ጣጣው።

አደራን በተመለከተ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሰው የላከውን ዕቃ ሁሉ ከፍታችሁ፣ አይታችሁ፣ ራሳችሁ አሽጉ። «የታሸገ ነው፣ ልብስ ነው» ብሎ የሚያመጣ ዘመድ ቢከፋው ይሻላል። ሻንጣውን ራሳችሁ አሽጋችሁታል ወይ ተብላችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ፤ ውስጡ የተገኘው ነገር ተጠያቂም የሻንጣው ባለቤት ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት፣ ለምሳሌ አሥር ተመሳሳይ ጫማ፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ለንግድ የመጣ ተብሎ ቀረጥ ሊጠየቅበት እንደሚችልም ለላኪው ንገሩት።

ሻንጣው ውስጥ ከላይ፣ ስምና የኢትዮጵያ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አስቀምጡ። የውጩ መለያ ይቀደዳል።

እገዛና ዊልቸር፦ ሁለት ቦታ ይጠየቃል

መራመድ ለሚከብዳቸው፣ ወይም ቋንቋውን ሳይችሉ ብቻቸውን ለሚሄዱ አረጋውያን በአየር ማረፊያው እገዛ አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ለአካል ጉዳተኛና መንቀሳቀስ ለሚቸገር ሰው ነጻ ነው። ለአየር መንገዱ ከበረራው ቢያንስ 48 ሰዓት በፊት ተነግሮ ትኬቱ ላይ መመዝገብ አለበት። ሲጠይቁ ሦስት ደረጃ አለ፦ ረጅም መንገድ የማይራመድ ግን ደረጃ የሚወጣ፣ ደረጃ የማይወጣ፣ እስከ መቀመጫው መወሰድ ያለበት። ትክክለኛውን ተናገሩ። «ዊልቸር» ብቻ ብሎ መተው ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት የአውሮፕላን ደረጃ ሥር ያደርሳቸውና እዚያ ያስቀራቸዋል።

ይህ ምዝገባ ባቡሩን አይመለከትም። ዶይቸ ባን የራሱ የእገዛ አገልግሎት አለው፤ ቢዘገይ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን እስከ 20:00 ድረስ መመዝገብ ይገባል፤ ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። መሳፈሪያው ላይም መውረጃው ላይም ሰው ይመጣል። ከባቡር ጣቢያው እስከ አየር ማረፊያው የእገዛ መቀበያ ያለውን መንገድ ግን ከሁለቱ አንዱ እንደሚሸፍነው አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁለቱም «የኔ አይደለም» የሚሉት ክፍል እሱ ነውና።

ጣቢያው ላይ

ከመነሻው 25 ደቂቃ በፊት ድረሱ። መድረኩ በኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባለ በፊደል ተከፋፍሏል፤ ሰሌዳው ወይም መተግበሪያው የእናንተ ፉርጎ የት ፊደል ላይ እንደሚቆም ያሳያል። እዚያው ቁሙ። ታዲያ ባቡሩ ተገልብጦ የሚመጣበት ቀን አለ፦ የመጀመሪያው ፉርጎ መጨረሻ ይሆናል። ማስታወቂያው ባቡሩ ሊገባ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ይነገርና ሰው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ በመድረኩ ላይ ይተላለፋል። እናንተ አትሩጡ። በቅርባችሁ ባለው በር ግቡ፤ ሻንጣውን አስቀምጡና ባቡሩ ከተነሣ በኋላ በውስጥ በኩል ሂዱ። አንድ ማጥመጃ ግን አለ፦ ሁለት ባቡሮች ተያይዘው ከመጡ በመካከላቸው መተላለፊያ የለም፤ መድረሻቸውም ሊለያይ ይችላል። ያኔ ቢያንስ ትክክለኛው ግማሽ ውስጥ መግባት ግድ ነው፤ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ የፉርጎውን ቁጥርና መድረሻውን ያሳያል።

ጀርመን ውስጥ ሸኚ ያለ ትኬት መድረክ ላይ መግባት ይችላል፤ ሻንጣ ለማስገባት ባቡሩ ውስጥ መግባትም የተለመደ ነው። ነገር ግን በሩ በራሱ ይዘጋል፤ ስንብቱን ማንም አይጠብቅም። መተቃቀፉም ለቅሶውም መድረኩ ላይ ይለቅ። ሻንጣውን የሚያስገባው አንድ ጎልማሳ ብቻ ይሁን፤ አስቀምጦ ወዲያው ይውረድ። ያልወረደ ሸኚ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ያለ ትኬት ይጓዛል። ሸኚ ሲበዛ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ሻንጣው በሌላው እጅ ያለ ይመስለዋልና አንድ ሰው በስሙ ተመድቦ ሻንጣ ይቁጠር፦ ከቤት ሲወጣ፣ መድረኩ ላይ፣ ባቡሩ ውስጥ።

ባቡሩ ሲዘገይ

መዘግየቱ እንደታወቀ ይህን በቅደም ተከተል አድርጉ። አንደኛ፣ መተግበሪያው ላይ የመዘግየቱን ማስታወቂያ ፎቶ አንሡ። ሁለተኛ፣ ከ20 ደቂቃ በላይ ከሆነ እስሩ ተፈቷልና ቀጣዩን ባቡር ፈልጉ፤ ግራ ከገባችሁ ተቆጣጣሪውን ወይም የጣቢያውን መረጃ መስኮት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ባቡሩ በአየር ማረፊያው በኩል ማለፉን አረጋግጡ። ብዙ የዘገየ ባቡር መስመር ቀይሮ አየር ማረፊያውን ሊዘለው ይችላል። እንዲያ ከሆነ ፍራንክፈርት ሃውፕትባንሆፍ ውረዱና ወደ ምድር ቤቱ መድረክ ሂዱ፤ ኤስ8 ወይም ኤስ9 የሚባለውን የከተማ ባቡር (ኤስ-ባን) ይዛችሁ በቪስባደን አቅጣጫ በ15 ደቂቃ ውስጥ አየር ማረፊያው የቅርብ ርቀት ጣቢያ ትደርሳላችሁ። በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው ወደ ሃናው ይወስዳል፤ ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነውና መድረሻውን አንብቡ። ከላይኛው መድረክ እስከ ታችኛው በሻንጣና በሊፍት 15 ደቂቃ ያዙ።

አራተኛው፣ ሰው የሚረሳው ነው። አውሮፕላኑ እንደሚያመልጥ እርግጠኛ ስትሆኑ ከመነሻው በፊት ለአየር መንገዱ ደውሉ። ከመነሻው በፊት የተለወጠ ትኬትና ሳይነገር የቀረ ትኬት ቅጣታቸው አንድ አይደለም። ደዋዩ ባቡር ውስጥ ያሉት እናት ሳይሆኑ ቤት የቀረው ልጅ ቢሆን ይሻላል፤ ስለዚህ የትኬቱ ባለ ስድስት ምልክት የማስያዣ ቁጥር እሱም ዘንድ ይኑር።

ቪዛው ጥቂት ቀን ብቻ ከቀረውና ቀጣዩ በረራ ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ ቪዛው ሳያልቅ ለከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ የመዘግየቱን ማስረጃ ይዛችሁ አመልክቱ።

አየር ማረፊያው፦ ቅደም ተከተሉ

ፈርንባንሆፍ ከደረሱ በኋላ በሊፍት ወደ ላይ ወጥቶ በድልድዩ ወደ ተርሚናል 1 ይገባል። በእግር 10 ደቂቃ ነው፤ በሻንጣ 20። በኤስ-ባን የመጣ ሰው የሚወርድበት ሬጊዮናልባንሆፍ በቀጥታ ተርሚናል 1 ሥር ስለሆነ ይቀርባል። አየር መንገዶች ተርሚናል ይቀያይራሉና የትኬታችሁን ዕለቱኑ ተመልከቱ። የ1 እና የ2 ዩሮ ሳንቲም ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ለጋሪም ለመጸዳጃም ይጠቅማል።

ቀረጥ ተመላሽ ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መብቱ ያለው ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ነው፤ በአንድ ደረሰኝ ከ50 ዩሮ በላይ የተገዛ፣ ያልተጠቀሙበት ዕቃ። የጀርመን ተጨማሪ እሴት ታክስ በአብዛኛው ዕቃ ላይ 19 በመቶ ሲሆን የአገልግሎት ክፍያው ተቀንሶ ከዚያ ያነሰ ነው የሚደርሳችሁ። ቅጹ በተጓዡ ስምና ፓስፖርት ቁጥር መሞላት አለበት፤ ልጅ በራሱ ስም ያስሞላው ቅጽ አያገለግልም።

ዕቃው ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ካለ መጀመሪያ ቼክ ኢን ሂዱና «ጉምሩክ የሚታይ ዕቃ አለው» በሉ። መለያውን ለጥፈው ሻንጣውን ይመልሱላችኋል። ከዚያ ወደ ጉምሩክ ትወስዱታላችሁ፤ ዕቃውንና ደረሰኙን አይተው ማኅተም ያደርጋሉ፤ ሻንጣው ከዚያው ይላካል። ዕቃውን ከላይ አሽጉት፤ ሻንጣውን ወለል ላይ ዘርግፎ ከሥር መፈለግ ለማንም አያምርም። ሻንጣውን አስረክቦ ማኅተም ለማግኘት የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ቼክ ኢን ላይ ሻንጣው ላይ የተለጠፈውን መለያ አንብቡ። የመጨረሻው መድረሻ አዲስ አበባ ከሆነ ኤዲዲ የሚል ኮድ ይኖረዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ መቀሌ ወይም ድሬዳዋ የምትቀጥሉ ከሆነ ሻንጣውን ቦሌ ላይ እናንተ ታወጡት እንደሆነ እዚሁ ጠይቁ። ቁርጥራጩን መለያ ፓስፖርቱ ላይ ሳይሆን ቦርዲንግ ፓሱ ላይ አስለጥፉና በስልክ ፎቶ አንሡት።

ፓስፖርት ቁጥጥር ላይ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የአውሮፓ አዲሱ የመግቢያና መውጫ መዝገብ ሥራ ጀምሯል፤ የፊት ፎቶና አሻራ እየያዘ የማኅተሙን ቦታ ይተካል። የቆይታ ቀናትን የሚቆጥረው ኮምፒውተሩ ነው፤ «አንድ ቀን ብታልፍ አያዩም» የሚባለው ምክር ከእንግዲህ አይሠራም። 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ከመውጣቱ በፊት ለጉምሩክ በጽሑፍ ያሳውቃል።

ከዚያ በኋላ ወደ በሩ። የበሩ ቁጥር ይቀየራል፤ ከቀረጥ ነጻ ሱቁ ስትወጡ ሰሌዳውን ደግማችሁ እዩት። በረራው ከዘገየ ደግሞ መብት አለ፦ ከአውሮፓ ኅብረት የሚነሣ በረራ የማንኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን፣ ለዚህ ርቀት ከ4 ሰዓት መዘግየት ጀምሮ ምግብና መጠጥ ይገባል። 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰና ምክንያቱ ከአየር መንገዱ አቅም ውጭ ካልሆነ ካሳው በአንድ ሰው እስከ 600 ዩሮ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ።

ቦሌ ሲደረስ

ሻንጣ ካልመጣ ወይም ከተሰበረ ከአዳራሹ ሳትወጡ እዚያው የሻንጣ ቢሮ አስመዝግቡና የመዝገቡን ቁጥር ተቀበሉ። በዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ደግሞ ሻንጣው በእጅ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባል። ቤት ደርሶ መልሶ መምጣት ክርክር ያበዛል።

ጀርመን የቀረው ልጅ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀረዋል። ባቡሩ መድረሻው ላይ 60 ደቂቃ ከዘገየ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃ ከዘገየ 50 በመቶ ይመለሳል። ምክንያቱ ከድርጅቱ አቅም ውጭ ከነበረ ግን አይከፈልም። ትኬቱ በተገዛበት አካውንት መተግበሪያው ውስጥ ራሱ ይጠየቃል፤ ጊዜው 3 ወር ነው። ማኅተም የተደረገበት የቀረጥ ቅጽ በፖስታ ለሱቁ የሚላክ ዓይነት ከሆነም ተጓዡ አዲስ አበባ ይዞት እንዳይሄድ፣ አየር ማረፊያው ውስጥ ፖስታ ሣጥን ውስጥ ይክተተው።